በትንሽ ልምድ ወደ ፍላትቤድ (ክፍት ተሳቢ) ሥራ ልግባ ወይስ ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ ከጀማሪው ሹፌር

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ አሜሪካ ሲዲኤል የሚባለውን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዴን ካወጣሁ ስምንት ወር ሆኖኛል፤ ከዚህ ውስጥ ሰባቱን ወር ድራይ ቫን በሚባለው ዝግ ተሳቢ ከግዛት ወደ ግዛት ስመላለስ አሳልፌአለሁ። እስካሁን አደጋ አላደረስሁም፤ በፍተሻም ጥፋት አልተመዘገበብኝም። ይሁን እንጂ በዝግ ተሳቢ ሥራ የእኔ ድርሻ በሩን ከፍቶ ወደ መጫኛው ማስጠጋት፣ ተጭኖ ሲያልቅ መዝጋትና መንዳት ስለሆነ፣ ስለ ጭነት አስተሳሰር የማውቀው ለፈተና ያነበብሁትን ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሠላሳ ያህል መኪኖች ያሉት አንድ የፍላትቤድ ኩባንያ ሊቀጥረኝ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ክፍያው አሁን ከማገኘው ይሻላል፤ ልጆቼንም በየሁለት ሳምንቱ ለማየት እችላለሁ። ያሳሰበኝ ሥልጠናው ነው። በግቢያቸው ውስጥ ለሦስት ቀን የሰንሰለትና የቀበቶ አያያዝ ካሳዩኝ በኋላ በአራተኛው ቀን ብቻዬን እንደምወጣ ቀጣሪው በስልክ አስረዳኝ። ይህ ጊዜ ያንሳል ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ሁሉም ሹፌር ሥራውን የተማረው መንገድ ላይ እንደሆነ መለሰልኝ። በክፍት ተሳቢ የሠራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ትገቡ ነበር ወይስ አንድ ዓመት እስኪሞላችሁ ትጠብቁ ነበር? ከመወሰኔ በፊት ኩባንያውን ምን ልጠይቀው?

መልስ፦ ከባለ ሰንሰለቱ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን በጥሞና አነበብሁት። በክፍት ተሳቢ ላይ ዐሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አዳዲስ ሹፌሮችንም በጎኔ አስቀምጬ አሠልጥኛለሁ። የልምድዎ ማነስ ብቻውን ሊያስፈራዎት አይገባም። ዝግ ተሳቢ ላይ ብዙ ዓመት ቆይተው ወደ እኔ የመጡት ጭነት በማሰር ረገድ ከአዲስ ገቢ እምብዛም የተለዩ አልነበሩም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ከኋላቸው ያለውን ጭነት አለማየትን ስለለመዱ ለማስተማር ይበልጥ ይከብዱ ነበር። ለውሳኔዎ የሚበጀው ሁለት ነገር ማወቅ ነው፤ አጠገብዎ ቆሞ የሚያስተምርዎት ማን ነው? «ይህ ጭነት እንዲህ ታስሮ አይንቀሳቀስም» ቢሉስ ኩባንያው ምን ይልዎታል?

ሦስት ቀን ለምን እንደማይበቃ በምሳሌ ላስረዳዎት። 40 ጫማ ርዝመትና 44,000 ፓውንድ ክብደት ያለው ጭነት ጫኑ እንበል። የፌዴራሉ ደንብ ከፊት ለፊቱ የሚያግደው ነገር ለሌለ ጭነት ለመጀመሪያው 10 ጫማ ሁለት ማሰሪያ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ 10 ጫማ ወይም ከዚያ ለሚያንስ ትርፍ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ማሰሪያ ይጠይቃል፤ ስለዚህ አምስት ይሆናል። በዚያ ላይ የማሰሪያዎቹ የመሸከም ዐቅም ሲደመር ከጭነቱ ክብደት ግማሹን፣ ማለትም 22,000 ፓውንድ፣ ቢያንስ መሙላት አለበት። የተለመደው ባለ አራት ኢንች ቀበቶ ዐቅሙ 5,400 ፓውንድ ስለሆነ አሁንም አምስት ቀበቶ ያስፈልጋል። ይህን ሒሳብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ማስተማር ይቻላል። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ጭነት ከስምንት ባነሰ ቀበቶ አስሬ አላውቅም፤ ለምን እንደሆነ የሚገባዎት ቀበቶ በስለታም ጠርዝ ላይ ሲቆረጥ፣ ጭነትም መንገድ ላይ ሲንሸራተት በዐይንዎ ካዩ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ዓመቴ የተላገ ጣውላ ጭኜ ነበር። ከመጫኛው ስወጣ እያንዳንዱን ቀበቶ በዊንቹ (በቀበቶ መጠምጠሚያው) ብረት ሙሉ ክብደቴን ጥዬ አጥብቄአለሁ፤ በመዳፌ ስመታውም እንደ ከበሮ ይጮህ ነበር። ከ50 ማይል በፊት ቆሜ ስፈትሽ ሦስተኛው ቀበቶ በሁለት ጣቴ ሊወዛወዝ እስኪችል ድረስ ላልቷል። ዊንቹ እንዳለ ነው፤ ቀበቶውም አልተበጠሰም፤ ጣውላው ራሱ በመንገዱ ንዝረት እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ዝቅ ብሎ ነበር። ደንቡ በመጀመሪያው 50 ማይል ውስጥ፣ ከዚያም በየ3 ሰዓቱ ወይም በየ150 ማይሉ፣ ወይም የሥራ ሁኔታዎ በተለወጠ ቁጥር፣ ከሦስቱ ቀድሞ በደረሰው ጊዜ ቆማችሁ ፈትሹ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

እያንዳንዱ ጭነት የየራሱ ጠባይ አለው። ቧንቧ ይንከባለላል፤ ጎማ ያለው ማሽን በገዛ ጎማው ላይ ይነጥራል። ከሁሉ የሚከብደው ኮይል የሚባለው የብረት ጥቅል ነው። አንዱ ጥቅል ብቻውን 40,000 ፓውንድ ሊመዝን ይችላል፤ ይህ ሁሉ ክብደት ደግሞ የሚያርፈው በተሳቢው ላይ በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ደንቡ ጭነቱ ወደ ፊት በሚገፋ ጊዜ ማሰሪያው የክብደቱን 0.8 እጥፍ እንዲቋቋም ያዝዛል፤ ለዚህ ጥቅል ሲሰላ 32,000 ፓውንድ ማለት ነው። ያ ኃይል የሚመጣው ወደ እርስዎ ወንበር ነው። ኩባንያው በመጀመሪያው ወር ኮይል የሚያስጭንዎት ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም አይግቡ።

ስለዚህ እነዚህን ይጠይቁ፤ ከአሠልጣኝ ጋር በአንድ መኪና ስንት ሳምንት እወጣለሁ? በዚያ ጊዜ ምን ምን ዓይነት ጭነት አስራለሁ? ሰንሰለቱን፣ ማጥበቂያውን፣ የጠርዝ መከላከያውንና ሸራውን ማን ያቀርባል፣ ሲያረጅስ ማን ይለውጣል? ብቻዬን በወጣሁ ጊዜ ፎቶግራፍ ልኬ የማማክረው ሰው በሌሊትም ስልክ ያነሣል? ከአራት ሳምንት ያነሰ የመንገድ ሥልጠና ለእርስዎ በቂ ነው ብዬ አላምንም።

መልስ፦ ከእህት ሹፌር

ከላይ ወንድማችን የጻፉት ሁሉ እውነት ነው። እኔ ያላነሡትን የሸራውን ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም አዲስ ሰው ከዚህ ሥራ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በሰንሰለት ሳይሆን በሸራ ተማርሮ ነው።

ለእንጨት የሚያገለግለው ትልቁ ሸራ አንዱ ብቻ 100 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፤ ዝናብ ሲጠጣ ወይም በረዶ ሲይዘው ይጨምራል። የተሳቢው ወለል ከመሬት አምስት ጫማ ያህል ከፍ ይላል፤ በላዩ ጭነት ሲኖር ደግሞ የሚቆሙት ከዐሥር ጫማ በላይ ነው። በዚህ ሥራ ሰውን ክፉኛ የሚጎዳው ከጭነት ላይ መውደቅ ነው። ያሠለጠኑኝ ሰው በመጀመሪያው ቀን የነገሩኝን እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ፤ ሸራ እየጎተቱ ወደ ኋላ አይሂዱ፤ ነፋስ ሸራውን ከነጠቀዎት አይታገሉት፣ ይልቀቁት። አንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ባለ መጫኛ ድንገተኛ ነፋስ ሸራውን ከሥሩ ገብቶ አነሣው፤ ጠርዙን በሁለት እጄ ይዤ ስለነበር እግሬ ከጣውላው ላይ ሲነሣ ተሰማኝ። ለቀቅሁት፤ ሸራው አጥሩ ላይ ሄዶ ተንጠለጠለ፤ እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ይዤው ብሆን ኖሮ ይህን ዛሬ አልጽፍም ነበር። ኩባንያዎን ሲጠይቁ፣ ነፋስ ሲበረታ ሸራ አላለብስም ብል ዲስፓቸሩ (ጭነት የሚመድበው ሠራተኛ) ይቀበለኛል ወይ ብለው ይጠይቁ።

የሰንሰለት ማጥበቂያም ሁለት ዓይነት መሆኑን ይወቁ። በአንድ ጊዜ ተጫኖ የሚቆለፈው ባለ እጀታው በሚከፈትበት ጊዜ ተፈናጥሮ ክንድ ወይም መንጋጋ ይሰብራል፤ ቀስ በቀስ የሚጠብቀው ባለ ራቼቱ ከዚያ በጣም የተሻለ ነው። ኩባንያው የሚሰጥዎት የትኛውን እንደሆነ ይመልከቱ፤ ስለ ሹፌሩ ምን ያህል እንደሚያስብ ከዚህ ይታያል።

ስለ ሰዓትም ልናገር። መንዳት የሚፈቀደው 11 ሰዓት ቢሆንም መንዳቱ ሁሉ ማለቅ ያለበት 14 ሰዓት ሥራ ከጀመሩበት ደቂቃ አንሥቶ ይቆጥራል። ማሰርና ሸራ ማልበስ ለአዲስ ሰው ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ያ ሁሉ ከ14ቱ ላይ ይቀነሳል። ክፍያዎ በማይል ከሆነ ለሸራና መጫኛ ላይ ለሚጠብቁበት ጊዜ የተለየ ክፍያ መኖሩን በጽሑፍ ካላዩ፣ የሚሻል የመሰለዎት ደመወዝ ሲሰላ ያው ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሥራውን እወድደዋለሁ። ጭነቱ ሸራውን ለብሶ፣ ጠርዙ ሁሉ ተወጥሮ ሳየው የእጄ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዝግ ተሳቢ ስነዳ ይህ ስሜት ኖሮኝ አያውቅም።

መልስ፦ አንድ ዓመት ይጠብቁ ከሚል ሰው

በአክብሮት ከሁለቱ እለያለሁ። እኔ በአምስት ወር ልምድ የገባሁ ነኝ። ስሙን የማልጠቅሰው ትንሽ ኩባንያ በሁለት ቀን ውስጥ አስተማረኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት የብረት ምሰሶ ጭኜ ስሄድ የክብደት መቆጣጠሪያ ጣቢያ ላይ አስቆሙኝ። ፖሊሱ በጓንቱ ሰንሰለቱን ነካ ሲያደርገው መንጠቆው ከተሳቢው ጠርዝ ተንሸራትቶ ወደቀ። ጉዞው እዚያው እንዲቆም ታዘዘ። ኩባንያው ኃላፊነቱ የሹፌሩ ነው አለ፤ በደንቡም ጭነቱ መታሰሩን አረጋግጦ መውጣት የሹፌሩ ግዴታ ስለሆነ የምከራከርበት አልነበረኝም። ያ ጥፋት ፒኤስፒ በሚባለው የሹፌር መዝገብ ላይ ለ3 ዓመት ታየ። አደጋ ቢሆን ኖሮ 5 ዓመት ይታይ ነበር። ሥራ ባመለከትሁበት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለዚያ ቀን ነበር።

እርስዎ አሁን ንጹሕ መዝገብ አለዎት። አምስት ወር ቢታገሡ አንድ ዓመት ይሞላዎታል፤ ኢንሹራንሳቸው አንድ ዓመት ልምድ የሚጠይቃቸው ብዙ የተሻሉ ኩባንያዎችም ያን ጊዜ በራቸውን ይከፍቱልዎታል። ከቸኮሉም ቢያንስ የኩባንያውን የዶት ቁጥር (ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ የተሰጠውን መለያ) ይዘው ሴፈር በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ይፈልጉት። ባለፉት 24 ወራት ስንት አደጋ እንደደረሰባቸውና በፍተሻ ስንት መኪናቸው ከመንገድ እንደታገደ ከአገሪቱ አማካይ ጋር ተነጻጽሮ ይታያል። ደግሞም ዲስፓቸር ደንብ እንዲጥሱ ቢያስገድድዎት ከ2016 ጀምሮ ይህን የሚከለክል የፌዴራል ደንብ አለ፤ አቤቱታውን ድርጊቱ በተፈጸመ በ90 ቀን ውስጥ ማቅረብ ይቻላል። እኔ ይህን ያወቅሁት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

የጠያቂው ምላሽ

ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመለሳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ለቀጣሪው ደውዬ ጥያቄዎቻችሁን አንድ በአንድ አቀረብሁ። የመንገድ አሠልጣኝ የላቸውም። ማጥበቂያዎቹ ባለ እጀታ ናቸው። ኮይል መቼ እንደሚያስጭኑኝ ስጠይቅ «ጭነቱ ባለበት ነው የምንሄደው» አለኝ። በመጨረሻ ስለ 50 ማይሉ ፍተሻ አነሣሁ፤ ከመነሻው በደንብ ካጠበቅህ መቆም ጊዜ ማባከን ነው ሲል መለሰልኝ። ሴፈር ላይ ስመለከትም ከመንገድ የታገዱባቸው መኪኖች ከአገሪቱ አማካይ በእጅጉ ይበልጣሉ።

በሌላ በኩል ከእነርሱ የሚበልጥ አንድ ኩባንያ አንድ ሳምንት በግቢ፣ ከዚያም አምስት ሳምንት ከአሠልጣኝ ጋር እንደሚያሠራኝ ነግሮኛል፤ የሰባት ወር ልምዴንም እንደሚቀበሉ ገልጸውልኛል። በሥልጠናው ጊዜ ክፍያው አሁን ከማገኘው ያነሰ ነው፤ ቤት የምገባውም በየሦስት ሳምንቱ ነው። ስለ ጉዳዩ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ልንቀበለው አስበናል። ወንድሜ ባለ ሰንሰለቱ፣ የቀረ ነገር አለ?

መልስ፦ ከባለ ሰንሰለቱ

የመጀመሪያውን መተውዎ ትክክል ነው። የ50 ማይሉን ፍተሻ ጊዜ ማባከን የሚል ሰው፣ ጭነቱ ቢወድቅ በእርስዎ ስም እንደሚያስመዘግበው አልጠራጠርም።

ለሁለተኛው ኩባንያ፣ የሥልጠናውን ሳምንትና ክፍያ በጽሑፍ ሳይቀበሉ አሁን ያሉበትን ሥራ አይልቀቁ። ለሥልጠናው ዕዳ የሚያስፈርሙዎት ከሆነ ቀድመው ቢወጡ ምን ያህል እንደሚጠየቁ ያንብቡ። ከአሠልጣኙ ጋር ሲወጡ ደግሞ እርሱ ሲያስር እርስዎ ቆመው አይመልከቱ፤ እርስዎ ይሰሩ፣ እርሱ ይመልከት። አምስቱ ሳምንት እንጨት ብቻ እየጫናችሁ እያለቀ ከሆነ ማሽንና ቧንቧ እንዲሰጧችሁ ራስዎ ይጠይቁ።

እስከዚያው ድረስ በእያንዳንዱ የጭነት መኪና ማረፊያ ክፍት ተሳቢ ሲያዩ ዞር ዞር ብለው ይመልከቱ፤ ማሰሪያውን ይቁጠሩ፣ ክብደቱን ይገምቱ፣ በቂ መሆኑን በልብዎ ያስሉ። ሹፌሩ ካለ ይጠይቁት፤ ስለ አስተሳሰሩ ሲጠየቅ የማይናገር የፍላትቤድ ሹፌር አላጋጠመኝም። ሁለት ጥንድ ጓንትም ይግዙ፤ አንዱ ሲርስ ሌላውን ያጠልቃሉ።