ልጄ ባዮሎጂ ልትማር ነው፤ ወረቀቱ ግን «አርትስ» ይላል

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦
ሰላም ወገኖቼ። ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። ፔንሲልቬንያ ያለ አንድ ትንሽ ሊበራል አርት ኮሌጅ (ሳይንሱንም ታሪኩንም ቋንቋውንም አንድ ላይ የሚያስተምር) ተቀብሏታል። ባዮሎጂ ነው የምማረው ትላለች፤ ዲግሪው ግን «ባችለር ኦፍ አርትስ» ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ሲሰማ «ሥዕል ልታስተምሪያት ነው እንዴ? ነርሲንግ አስገቢያት!» ብሎ ጮኸብኝ። ኮሌጁ የሰጠው እርዳታ ጥሩ ነው፤ ቢሆንም በዓመት 7,200 ዶላር ከእኛ ይጠበቃል። የማታ ሥራዬን ካቆምኩ ስምንት ወር ሆኖኛል፤ እነሱ ያዩት የድሮውን ታክሴን ነው። የቦታ ማስያዣ ዲፖዚት እስከ ሜይ 1 ክፈሉ ተብለናል። በዚህ ዲግሪ ሜዲካል ስኩል መግባት ትችላለች? ገንዘቡስ ይቀነስልኝ ቢባል ይሰማሉ?

ባለ ላቡ፣ ሚኒሶታ፦
እህቴ፣ ስሙ አያስደንግጥሽ። በቢኤ (ባችለር ኦፍ አርትስ) ከባዮሎጂው ጎን ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ቋንቋ ትወስዳለች። ቢኤስ (ባችለር ኦፍ ሳይንስ) ላይ ሳይንሱና ሒሳቡ ይበዛል። ልዩነቱ ይኸው ነው። ሜዲካል ስኩሎች የዲግሪውን ስም አያዩም። አብዛኞቹ የሚፈልጉት ባዮሎጂ፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ከነላቡ ነው። ከዚያ ኤምካት የሚባል የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና አለ። እሱም ከ2015 ጀምሮ ሳይኮሎጂና ሶሺዮሎጂ ጨምሯል፤ ስለዚህ እዚያ የምትወስደው ሶሺዮሎጂ ባክኖ አይቀርም። በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ከወሰዱት ሁለት ሴቶች አንዷ ጄኒፈር ዳውድና የወጣችው ፖሞና ከሚባል ሊበራል አርት ኮሌጅ ነው።

እኔ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያው ባዮሎጂ ላይ አዳራሽ ሙሉ ነበርን፤ ፕሮፌሰሩን ከቅርብ ያየሁት አንዴ ሊፍት ውስጥ ነው። ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ የፒኤችዲ ተማሪ ስለሌለ ፒፔቱን የምትይዘው ልጅሽ ራሷ ናት።

ነርሷ፣ ዳላስ፦
ኖቤሉን ተወው ወንድሜ። ባዮሎጂ የገባ ሁሉ ዶክተር ይሆናል? ሜዲካል ስኩል ካልተቀበላትስ? እኔ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ የሽማግሌ ገላ እያጠብኩ ነው ኮሚኒቲ ኮሌጅ የጨረስኩት። የነርስ ፈቃድ ፈተናውን ኤንክሌክስን አለፍኩ፣ በወሩ ሥራ ጀመርኩ። አጎቷ አልተሳሳተም።

ባለ ላቡ፣ ሚኒሶታ፦
ሐሳቧን ብትቀይር ሌላ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀ አጭር የነርሲንግ ፕሮግራም አለ። ከ12 እስከ 18 ወር ነው። በሩ አይዘጋባትም።

ነርሷ፣ ዳላስ፦
ሁለቴ ክፈይ በላታ!

ጋሽ ዴንቨር፦
ባዮሎጂ ስትሉ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ትዝ አለኝ። የፎርማሊኑ ሽታ ጋዎን ላይ ይቀራል፤ በዚያው እጅ ፓስቲ እንገዛ ነበር። አንዷን እንቁራሪት ለአራት ተከፋፍለን፣ ልቧን ማን ያውጣ ብለን ዕጣ እናወጣለን። አሁን ታክሲ እነዳለሁ። ግን የተሳፋሪ ልጅ ስለ ሴል ሲያነብ ከሰማሁ ዝም ብዬ መንዳት አልችልም፤ ሚቶኮንድሪያን አስረዳዋለሁ። ለመሆኑ እህቴ፣ ለዚያ ወንድምሽ በወር ስንት ትልኪለታለሽ?

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦
ጋሼ፣ ለእሱ ሳይሆን ለእናቴ የስኳር መድኃኒት ነው። 200 ዶላር። በበዓል ይጨምራል።

ጋሽ ዴንቨር፦
እሱን ቀንሺና ለልጅሽ አድርጊው። ብሩ እንደሆነ በእኛ አቆጣጠር በ2016 ሐምሌ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ እዚያ ብዙ ነው።

ነርሷ፣ ዳላስ፦
የመድኃኒቱ ዋጋስ ባለበት የቆመ መሰለዎት? ኢንሱሊን ቀንሺ ይባላል እንዴ? እርስዎ ራስዎ ለወንድምዎ ቤት ሠርተው ሰጡት ሲባል ሰምቻለሁ።

ጋሽ ዴንቨር፦
አዎ ሠራሁ። አከራየው። እኔ ስሄድ ሆቴል ነው የማድረው። ለዚህ ነው የምናገረው።

ባለ ላቡ፣ ሚኒሶታ፦
ኧረ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ፋፍሳ (የመንግሥት የኮሌጅ እርዳታ ማመልከቻው) የሚያየው የሁለት ዓመት በፊት ታክስ ነው። ገቢ ሲቀንስ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው እንደገና እንዲያይልሽ አፒል (ይግባኝ) ትጽፊያለሽ። ሥራው መቆሙን የሚያሳይ ደብዳቤና የቅርብ ጊዜ ፔይስተብ (የደሞዝ ወረቀት) አያይዢ። ለእናትሽ የምትልኪውንም ጥቀሺ፤ ፋፍሳ አይቆጥረውም፣ ቢሮው ግን ሊያየው ይችላል።

ነርሷ፣ ዳላስ፦
ከጻፍሽ አይቀር የነርሲንጉንም ዋጋ ጠይቂ።

ጋሽ ዴንቨር፦
ልጅቷን ግን የጠየቃት አለ?

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ደብዳቤውን ዛሬ ማታ እንጽፋለን። እሷማ የጊቢውን ካርታ አትማ ግድግዳ ላይ ለጥፋለች። ግን መልሱ ከሜይ 1 በኋላ ቢመጣስ? ዲፖዚቱን ከፍዬ ልጠብቅ ወይስ ሳልከፍል?

ነርሷ፣ ዳላስ፦
ጋሽ ዴንቨር፣ ቤቱ ካርታው በማን ስም ነው?