ቴርሚስተሬ በፈላ ውኃ ለምን ተሳሳተ?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ለእንቁላል ማስፈልፈያ ሳጥኔ በ25 ዲግሪ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው 10 ሺህ ኦም የሆነ ቴርሚስተር (ተቃውሞው እንደ ሙቀቱ የሚለዋወጥ የሙቀት መለኪያ) ገጥሜ፣ የፈላ ውኃን 100 ዲግሪ ብዬ አስተካከልሁት። አሁን ሳጥኑ 37.5 ሲያሳይ፣ ውስጡ የማስቀምጠው የትኩሳት መለኪያ 35 እንኳ አይደርስም። ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን?

መላሽ፣ ከደብረ ሲና፦
ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ያሳሳተዎት ከፍታው ነው። ከተማችሁ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ውኃ እዚያ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይልቁንስ የደቀቀ በረዶ ከጥቂት ውኃ ጋር ቀላቅለው፣ ሽቦው እንዳይረጥብ ሸፍነው ይንከሩት፤ 0 ዲግሪ ላይ ተቃውሞው ወደ 33 ሺህ ኦም ሊጠጋ ይገባል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመዳብ ሽቦ ሲቀዘቅዝ ተቃውሞው የሚቀንስ ሆኖ ሳለ፣ የዚህ ለምን ይጨምራል?

ሌላ መላሽ፦
ቴርሚስተርዎ እንደ ማንጋኒዝና ኒኬል ካሉ ብረቶች ኦክሳይድ የተሠራ ከፊል አስተላላፊ ስለሆነ፣ ሲሞቅ ብዙ ኤሌክትሪክ ተሸካሚዎች ነጻ ይወጣሉ፤ ሲቀዘቅዝ ግን ያንሳሉ፤ ስለዚህ ተቃውሞው ይጨምራል። ለውጡ ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን ጥምዝ ነውና፣ በበረዶ ብቻ ሳይወሰኑ ለብ ባለ ውኃ 37 ዲግሪ አካባቢም ከትኩሳት መለኪያው ጋር ያመሳክሩት። የሚያልፍበትንም ኤሌክትሪክ አነስተኛ ያድርጉት፤ ከበዛ ራሱን አሙቆ የተሳሳተ ንባብ ይሰጣል።