ጥቆማ፦ ዳሎልና ኤርታሌ በቡድን፣ ከማን ጋር እንሂድ?

ሳምሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የመሥሪያ ቤት ልጆች ነን፣ 14 ነን። ጥር ላይ ዳሎልንና ኤርታሌን ለማየት አስበናል። ሁለት ቦታ ጠየቅን። አንደኛው ከአዲስ አበባ በኮስተር ወስዶ በኮስተር ይመልሰናል፣ አራት ቀን፣ ምግብ ጨምሮ። ሁለተኛው እስከ ሰመራ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በላንድክሩዘር። ዋጋው ግን እጥፍ ነው ማለት ይቻላል። በባስ የሄዳችሁ ካላችሁ ጠቁሙን።

ቤቲ ነኝ፦ እንደ አንደኛው ካለ ጋር አምና መጋቢት ሄጃለሁ፣ ስሙን አልጠራም። ገዋኔን አለፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳ። እሺ፣ ጎማ ነው፣ ይፈነዳል። ስኮርታው (መለዋወጫው ጎማ) ወርዶ ሲታይ ግን ንፋስ የለውም! ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። ጥላ ያለው የኮስተሩ ጥላ ብቻ፣ እሱም ለስድስት ሰው አይበቃም። 19 ሰው በየተራ ቆምንበት። ረዳቱ ጎማውን ተሸክሞ በተሳቢ ወደ ገዋኔ ተመለሰ፤ የመጣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የያዝነው ውሃ ከመሞቁ የተነሳ ሻይ ቅጠል መጨመር ብቻ ነበር የቀረው። ገንዘቤን መልሱልኝ ስል "የከፈልሽው ለጀብዱ ነው እኮ" አሉኝ።

አቡሽ፦ "የከፈልሽው ለጀብዱ ነው"! ገደሉኝ 😂

ፍትህ፦ ቤቲ፣ ደረሰኝ ይዘሻል? ዝም ብለሽ እንዳትተዪያቸው።

ቤቲ ነኝ፦ የምን ደረሰኝ? ለሹፌሩ በቴሌብር ነው የላክሁት።

የሹፌር ልጅ፦ ስኮርታ ሳያይ ከከተማ የሚወጣ ሹፌር አይባልም። ደግሞ ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያለውን አራት ቁጥር እዩ። 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጆቹ፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አዲስ ነው ብለው ያረጀ ይሸጡላችኋል።

ሳምሪ፦ ጎማ አልገዛም እኮ 🙏

የ22 ልጅ፦ እኛ ሰፈር ያሉት ልጆች ጋ ሂዱ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ! የእህቴን ሰርግ ሚዜዎች ያመላለሱት እነሱ ናቸው። አንድ ደቂቃ አልዘገዩም።

አቡሽ፦ ዳሎል ወስደው ያውቃሉ?

የ22 ልጅ፦ ላንጋኖ ወስደውናል። አሪፍ ናቸው አልኩህ።

አቡሽ፦ ልክ ነህ። ላንጋኖም ውሃ ነው፣ እዚያ አፋር ያለው የአፍዴራ ሐይቅም ውሃ ነው። ትንሽ ጨው ቢበዛበት ነው።

ሂሩት፦ ለምን ወንጪ አትሄዱም? ቅርብ ነው፣ አየሩም ደስ ይላል።

ሎጊያ የኖረ፦ ሰመራ አጠገብ፣ ሎጊያ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሳምሪ፣ እስከ ሰመራ አስፋልት ነው፣ ኮስተር ይሄዳል። ኤርታሌ ግን አሸዋና የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በኮስተር አደርሳችኋለሁ ያለ ሰው ወይ ሰመራ ላይ ላንድክሩዘር ክፈሉ ይላችኋል፣ ወይ ራሱ ሄዶ አያውቅም። አንድ መኪና ለአራት ሰው ብትሉ 14 ሰው አራት መኪና ነው፤ ለውሃና ለምግብ አንድ ጨምሩ። ርካሹ ዋጋ ይህን አልቆጠረም። የአካባቢው መሪና የጥበቃ ክፍያ ውስጡ አለ ወይ በሉ።

የጅቡቲ መንገድ በተሳቢ የተሞላ ነው፣ በሌሊት እንዳትነዱ። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ ጥር ትክክለኛ ጊዜ ነው፣ ቦታው ላይ ግን ማልዳችሁ ድረሱ። መሪው ያልረገጠውን አትርገጡ፣ ቅርፊቱ ሥር አሲድ ነው። የኤርታሌን እሳት ደግሞ በድሮ ፎቶ አትግዙት፤ አንዳንዴ ጭስ ብቻ ነው። በኅዳር 2018 ጎረቤቱ እሳተ ገሞራ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ እስከ ህንድ ሄዷል። ከመክፈላችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን ሰመራ ደውላችሁ አጣሩ።

ቤቲ ግን ማን ነው መጋቢት ላይ የላከሽ?

ቤቲ ነኝ፦ ቅናሽ ነበረው 😭

ሂሩት፦ ቤቲዬ፣ ዳሎልን ግን አየሽው?

ቤቲ ነኝ፦ አየሁት። ቢጫው፣ አረንጓዴው… ቃል የለኝም። ጫማዬ ሶሉ ተላቆ እዚያው ቀረ።

ፍትህ፦ ሳምሪ፣ ከማን ጋር ሆነ? እኛም ስምንት ሰው አለን።

ፍትህ፦ ሳምሪ?

የ22 ልጅ፦ ልጆቹ አዲስ ኮስተር ገዝተዋል። ነጭ ነው፣ ለሰርግም ይሆናል።