የፌርፊልድ ሀውስ ሰሌዳ፦ በጋራ ማመልከቻው ላይ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊ፦ ማመልከቻው ወሩ ሳያልቅ ይገባል። ረቂቁ ይኸው። እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ባለው ግቢ ውስጥ ስለ ቤቱ አሠራር የሚናገር ሰሌዳ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። «በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በባዝ ድንጋይ፣ በጣሊያን ስልት የተሠራ ቪላ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ኖረውበት፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ለከተማው አረጋውያን ሰጡት።» ወጪው ለሁለቱ ማኅበራት፣ ለባዙና ለብሪስቶሉ፣ እኩል።

የብሪስቶሉ አባል፦ «በጣሊያን ስልት» የሚለው ይውጣ። ጃንሆይን ያሰደደው ማን ሆነና? በእኔ መዋጮ ይህ አይጻፍም።

ግንበኛው፦ ጋሼ፣ ስልቱን ከሙሶሊኒ ጋር ምን አገናኘው? ያኔ የእንግሊዝ ሀብታም ሁሉ ይወደው ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያም ኦዝቦርን ሀውስን ያሠራችው በዚሁ ስልት ነው። እሱን ካወጣን ስለ አሠራሩ ምን ቀረ?

የብሪስቶሉ አባል፦ አያቴ ማይጨው ዘምቷል። ለእኔ ታሪክ አትንገረኝ።

ሌላ አባል፦ እኔም ከጋሼ ጋር ነኝ። «በአውሮፓ ስልት» በሉት።

ገንዘብ ያዥ፦ በአንድ ቃል ሳምንት አለፈ። ዋጋ እጠይቃለሁ ያለው ልጅ የት ገባ? ስልክም አያነሳ።

ግንበኛው፦ «በአውሮፓ ስልት» ምንም አይልም። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበው በሁለተኛ ደረጃ ባለኮከብ (Grade II*) ነው። እንግሊዝ አገር ከተመዘገቡት ከአሥር አንዱ እንኳ ይህን ደረጃ አያገኝም። የሚያውቅ ሰው ሲያነበው ምን ይለናል?

የብሪስቶሉ አባል፦ ፈረንጅ ምን ይለናል ብለህ ነው? ባንዳነት እንዲህ ይጀምራል።

ግንበኛው፦ ባንዳ? በቃ ወጣሁ። ሰሌዳችሁን ራሳችሁ ትከሉ።

የባዟ እናት፦ ነውር ነው! ልጄ፣ ተመለስ። አንተም ትልቅ ሰው ነህ፣ አፍህን ሰብስብ።

የብሪስቶሉ አባል፦ ባንዳ ያልኩትን አንስቻለሁ። ጣሊያን ግን ይውጣ።

ግንበኛው፦ ይውጣ። ድንጋዩን ግን አትንኩብኝ። የባዝን ድንጋይ ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ጤፍ የሚያካክሉ ክብ ፍሬዎች አሉበት፣ ከጥንት ባሕር የቀሩ። ለስላሳ ነው። በሲሚንቶ ከደፈኑት እርጥበት አምቆ ይላጣል፤ የሚስማማው ኖራ ነው። ሰሌዳውም ግድግዳ ላይ አይመታ። የተመዘገበን ቤት ያለ ፈቃድ መንካት በወንጀል ያስጠይቃል። በራሱ እግር ይቁም።

ገንዘብ ያዥ፦ የሚቆመው ይወደዳል። ካዝናው አይችለውም።

የባዟ እናት፦ ታዲያ በዚያው ገንዘብ መስከረም ላይ ቡና አፍልተን ሰው እንጥራ። እንግሊዞች ቅርሶቻቸውን በነፃ የሚያስጎበኙት ያኔ ነው፤ ከእንቁጣጣሽ ጋር ይገጥምልናል።

ሌላ አባል፦ ይሄ ነው ሐሳብ! ዳቦውን እኔ እችላለሁ።

የብሪስቶሉ አባል፦ እስማማለሁ። የጃንሆይ ፎቶ በትልቁ ይታተም። በካባ ነው በወታደር ልብስ?

ጸሐፊ፦ ረቂቁን አስተካክያለሁ። የእንቁጣጣሽ ቡና በፌርፊልድ ሀውስ፣ የቤቱ አስተዳዳሪዎች ከፈቀዱ። ፎቶ። ገንዘብ ከተረፈ ሰሌዳ።

ግንበኛው፦ «ከተረፈ» የሚለው ይሰረዝ። የድንጋዩን ጽሑፍ ማታ እልካለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ መጀመሪያ ረከቦትና ሲኒ ያለው ይመዝገብ።