በኦንላይን ካዚኖ ገደብ አበጅቶ መጫወት በእርግጥ ይቻላል?

ነጭ ወረቀት (ጠያቂ)፦

ለመዝናናት ያህል በኦንላይን ካዚኖ ስሎት (ምስሎች የሚዞሩበት የቁማር ማሽን) እና ሩሌት (ኳስ በሚሽከረከር ቁጥር ላይ የሚያርፍበት ጨዋታ) እጫወታለሁ። ለዚህ የምመድበው ገንዘብ ለኑሮ ከሚያስፈልገኝ ተርፎ የሚቀር ነው፤ ለመጫወት ብዬ ተበድሬም አላውቅም። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ግልጽ አልሆኑልኝም። የምጫወተው ስሎት ከሚወራረዱበት ገንዘብ 96 በመቶውን ለተጫዋቾች እንደሚመልስ በመመሪያው ተጽፎ ሳለ፣ ያስገባሁት 50 ዶላር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምሽት ተሟጦ የሚያልቀው ለምንድን ነው? በተጨማሪም ድርጅቶቹ ራሳቸው «በኃላፊነት ይጫወቱ» እያሉ የሚያቀርቧቸው የገንዘብና የሰዓት ገደቦች ይጠቅማሉ ወይስ ለይስሙላ የተቀመጡ ናቸው? ጨርሶ መተው እንደሚሻል የምትመክሩኝ እንደማይጠፉ አውቃለሁ፤ ጥያቄዬ ግን መጫወቱን ለሚቀጥል ሰው ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚበጀው ነው።

ስሌተኛው፦

መቶኛው ከምን ላይ እንደሚታሰብ ካዩት ነገሩ ይገለጥልዎታል። 96 በመቶ የተባለው ወደ አካውንትዎ ካስገቡት ገንዘብ ሳይሆን በየዙሩ ካስያዙት ገንዘብ ጠቅላላ ድምር ላይ ነው፤ ያውም እጅግ ብዙ ዙሮች ተደምረው የሚገኝ አማካይ እንጂ ለአንድ ምሽት የተሰጠ ዋስትና አይደለም። በዙር 1 ዶላር እያስያዙ በደቂቃ 10 ጊዜ ቢያዞሩ፣ የሚያገኟቸው ትንንሽ ክፍያዎች ተመልሰው ወደ ጨዋታው ስለሚገቡ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ በ600 ዶላር ተወራርደዋል ማለት ነው። የ600 ዶላር 4 በመቶ 24 ዶላር ነው፤ ስለዚህ 50 ዶላርዎ በአማካይ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ያቆየዎታል። ስሎት ደግሞ ከሚመልሰው ገንዘብ ከፍ ያለውን ክፍል በጥቂት ትልልቅ ሽልማቶች ስለሚያከማች፣ እነዚያ ያልደረሱት ሰው ገንዘቡ ከዚያም ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል።

እንግዲህ ኪሳራዎን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የቤቱ ድርሻ (ካዚኖው ከሚወራረዱበት ገንዘብ በአማካይ የሚያስቀረው መቶኛ)፣ በዙር የሚያስይዙት መጠንና የጨዋታው ፍጥነት። ሰዎች ስለ መጀመሪያው ብቻ ሲከራከሩ ሦስተኛውን ይዘነጉታል፤ እኔ ግን በኦንላይን ጨዋታ ከሁሉም የሚከፋው እርሱ ይመስለኛል። ሩሌትን በተመለከተ አንድ ዜሮ ያለውንና 37 ቁጥሮች ያሉትን ዓይነት ይምረጡ። የቤቱ ድርሻ 2.7 በመቶ ነው፤ ሁለት ዜሮ ያለው ባለ 38 ቁጥሩ ግን አከፋፈሉ ያው ሆኖ ድርሻውን ወደ 5.26 በመቶ ያደርሰዋል።

«በተበላሁ ቁጥር እጥፍ ባስይዝ መጨረሻ ላይ አስመልሳለሁ» የሚለውን ዘዴ ከሰሙም አይመኑት። በ10 ዶላር ጀምሮ አሥር ጊዜ በተከታታይ የተበላ ሰው 10,230 ዶላር ያጣል፤ ይህን ሁሉ የሚጋፈጠውም ለ10 ዶላር ትርፍ ነው። በአንድ ዜሮ ሩሌት ቀይ ወይም ጥቁር ላይ ለሚያስይዝ ሰው እንዲህ ያለ ተከታታይ ሽንፈት የመከሰት ዕድሉ ከ800 አንድ ገደማ ስለሆነ፣ ደጋግሞ የሚጫወት ሰው ይገጥመዋል። እ.ኤ.አ. በ1913 በሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ኳሱ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ ባረፈበት ምሽት፣ «አሁንስ የቀይ ተራ ነው» እያሉ ያስያዙ ተጫዋቾች ብዙ ገንዘብ ከስረዋል። ኳሱ ያለፈውን አያስታውስም፤ የስሎቱ ኮምፒውተርም እንዲሁ።

ታዛቢ፦

የስሌተኛውን ቁጥሮች እቀበላለሁ፤ «በኃላፊነት ይጫወቱ» የሚለው መፈክር ግን ሸክሙን ሁሉ በተጫዋቹ ጫንቃ ላይ የሚጥል መሆኑን ሳልናገር አላልፍም። 1 ዶላር አስይዘው 30 ሳንቲም ሲመለስልዎት ያጡት 70 ሳንቲም ነው፤ ሆኖም ማሽኑ እንዳሸነፉ አድርጎ ሙዚቃና ብልጭታ ያሳይዎታል። ለጥቂት እንዳመለጠዎት የሚያስመስሉት ምስሎች፣ ያለ ጣት ንክኪ ራሱን የሚያዞረው አዝራር፣ ሊያወጡ የጠየቁትን ገንዘብ «ሰርዘው ይጫወቱበት» የሚለው ማባበያ ሁሉ ታስቦባቸው የተሠሩ ናቸው።

የብሪታኒያ የቁማር ተቆጣጣሪ አካል ይህንን ተረድቶ ይመስለኛል እ.ኤ.አ. በ2021 ከእነዚህ አሠራሮች አንዳንዶቹን የከለከለው፤ በኦንላይን ስሎት ራሱን የሚያዞረውን አዝራር አግዷል፣ ከተያዘው ገንዘብ ያልበለጠን ተመላሽ እንደ ድል ማድመቅን ከልክሏል፣ አንድ ዙር ቢያንስ 2.5 ሰከንድ እንዲወስድም አዟል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2020 በክሬዲት ካርድ መቆመር ተከልክሎ ነበር፤ በ2025 ደግሞ በአንድ ዙር የሚያዝ ገንዘብ ከ5 ፓውንድ፣ ከ18 እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች ከ2 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተደርጓል። ችግሩ የተጫዋቹ የፈቃድ ድክመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሕግ አውጪዎች ስለ ሰከንድ ባልተጨነቁ ነበር። ስለዚህ ጠያቂያችን የሚጫወቱበት ድርጅት በየትኛው ተቆጣጣሪ ፈቃድ እንደሚሠራ አስቀድመው ያጣሩ፤ የፈቃዱንም ቁጥር በራሱ በተቆጣጣሪው መዝገብ ላይ ያመሳክሩ እንጂ በገጹ ግርጌ በተለጠፈው ዓርማ አይርኩ።

አጥር ጠባቂ፦

ስለ ገደቦቹ ጥያቄ ልመለስ። ይጠቅማሉ፤ ጥቅማቸው ግን ከጨዋታው በፊት፣ በረጋ አእምሮ ሲወሰኑ ነው። በመካከል የሚወሰን ገደብ የሚወሰነው የተበላውን ለማስመለስ በሚጣደፍ ሰው ነውና ብዙ አይታመንም። ከሁሉ አስቀድመው የሚያስገቡትን ገንዘብ በሳምንት ወይም በወር ይገድቡ፤ የቀን ገደብ ብቻ ከሆነ በማግሥቱ እንደ አዲስ ይከፈታል። በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያሉ ድርጅቶች ገደብ ሲቀነስ ወዲያው ያጸድቃሉ፤ ሲጨመር ግን የማሰቢያ ጊዜ ያስጠብቃሉ። በአንጻሩ ጭማሪን በቅጽበት የሚፈቅድ ድርጅት ለይስሙላ ገደብ እንዳስቀመጠ ይቁጠሩት።

ትልቁ ክፍተት ሌላ ነው፤ በአንድ ድርጅት ያስቀመጡት ገደብ በሌላው አይሠራም። ለዚህ ነው በብሪታኒያ ጋምስቶፕ፣ በስዊድን ከ2019 ጀምሮ ስፔልፓውስ የተባሉት ምዝገባዎች ፈቃድ ካላቸው የኦንላይን ድርጅቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራስን ለማገድ የሚያስችሉት። ይህ በሌለበት ከባንክዎ ጋር መነጋገር ይሻላል፤ አንዳንድ ባንኮች ለቁማር የሚደረግን ክፍያ በካርድ ላይ ይዘጋሉ።

የገደቡ ነገር በራሱ የሕመም ምልክት ሊሆንም ይችላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው መመሪያ የቁማር ሕመምን ከሱስ ሕመሞች ጋር መድቦ ዘጠኝ ምልክቶችን ዘርዝሯል፤ በ12 ወራት ውስጥ አራቱ የታዩበት ሰው ሕመሙ አለበት ይላል። የተበላን ለማስመለስ በማግሥቱ መመለስ፣ የጨዋታውን መጠን ከቤተሰብ መደበቅ፣ ለመቀነስ ሲሞክሩ መቆጣትና ደጋግሞ ሞክሮ መቀነስ አለመቻል ከነዚህ መካከል ናቸው። ገደብዎን በየጊዜው ከፍ እያደረጉ ወይም ገደብ ወደሌለው ድርጅት እየተሻገሩ ከሆነ ጉዳዩ ባለሙያ የሚማከርበት እንጂ እዚህ በእኛ የሚመለስ አይደለም።

ነጭ ወረቀት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፍጥነቱን ከስሌቱ አስገብቼው አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፤ 100 ዶላር ለሚያስገባ ሌላ 100 ዶላር ቦነስ እንሰጣለን የሚለውን ግብዣ መቀበል የጨዋታ ቆይታዬን ያረዝመው ይሆን?

ስሌተኛው፦

ውሉን ያንብቡ። የቦነሱን 35 እጥፍ ሳይወራረዱ ማውጣት አይቻልም የሚል ከሆነ 3,500 ዶላር ማስያዝ ይጠበቅብዎታል፤ በ4 በመቶ የቤት ድርሻ ሲሰላ የሚጠበቀው ኪሳራ 140 ዶላር ነው፣ ማለትም ከቦነሱ ይበልጣል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ውሎች ሩሌትና ብላክጃክ (የካርታ ጨዋታ) ላይ የተወራረዱትን በከፊል ብቻ ይቆጥራሉ፤ ቦነሱ እስኪጠናቀቅም በዙር የሚያስይዙትን መጠን ይገድባሉ። የቆይታ ጊዜዎ ይረዝም ይሆናል፤ እንዲረዝም የሚያደርገው ግን ሲያሸንፉ ገንዘብዎን ይዘው እንዳይወጡ የሚያስረው ሁኔታ ነው። ገንዘብ ሲያስገቡ «ቦነስ አልፈልግም» የሚል ምርጫ ካለ እርሱን ይጫኑ፤ ከሌለ ደግሞ የመጀመሪያውን ዙር ከማዞርዎ በፊት ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ጽፈው ያሰርዙት።