አስቸኳይ፦ ፊገሮቼ ከመደርደሪያው ላይ እየወደቁ ነው፣ ምን ላድርግ?

ናቲ አራተኛ ፎቅ (ጠያቂ)፣ ማታ 3፡40
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እራት እየበላን ከመኝታ ቤት ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስገባ ከፊገሮቼ (ለዕይታ ከምሰበስባቸው የፕላስቲክ ጀግኖች) ሦስቱ መሬት ላይ ተዘርረዋል። አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹንም ይዟቸው ወርዷል። የጥቁሩ ክንድ ከትከሻው ተነቅሏል። በዚህ ወር ሁለተኛዬ ነው። መደርደሪያው አዲስ ስለሆነ የሚያንሸራትት መሰለኝ። ሱቅ ሳይዘጋ ሱፐር ግሉ ገዝቼ እግራቸውን ልለጥፍ ነው። የተሻለ ነገር ካለ አሁኑኑ ንገሩኝ።

ቤቢ ሳሪስ
ማስቲካ አኝከህ ከእግራቸው ስር አድርግ። የትምህርት ቤት ዴስክ ላይ ስንት ዓመት ይቆይ እንደነበር ረሳኸው?

ሰብሳቢው
ሱፐር ግሉ እንዳታስነካ! አንደኛ፣ አንዴ ከያዘ እግሩን ከመደርደሪያው ለማላቀቅ ወይ ቀለሙ ይላጣል ወይ ቁርጭምጭሚቱ ይሰበራል። ሁለተኛ፣ ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚያወጣው ትነት ዙሪያውን ነጭ ያደርገዋል። ጥቁር ፊገር ላይ ደግሞ ገና ከበር ይታያል።

ይልቅ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሄደህ ብሉ ታክ ግዛ። ፖስተር የሚለጠፍበት እንደ ሊጥ የሚታሸው ነገር ነው። የምስር ፍሬ የምታህል ቁንጥር አድርገህ በጣትህ እያሸህ አሙቃት፣ ከተረከዙ ስር አድርገህ ጫን በል። ስታነሳው ወደ ላይ አትሳብ፣ እግሩን ይዘህ በቀስታ ጠምዝዝ። የቀረውን ቅሪት በራሱ በብሉ ታኩ ጠቅ ጠቅ እያደረግክ ታነሳዋለህ። ቀለም ያልተቀባ እንጨት ላይ ግን የዘይት ምልክት ስለሚተው ተጠንቀቅ።

አቤል 22
ሱፐር ግሉ ምን ሆነ? እኔ የጫማዬን ሶል ለጥፌበት ሁለት ክረምት ወጥቻለሁ።

ሰብሳቢው
ጫማህን ለዕይታ አስቀምጠኸው ከሆነ ልክ ነህ።

ጋሽ ቺፑድ
ልጄ፣ መደርደሪያው ከምንድን ነው የተሠራው? ስፋቱ ስንት ነው? ግድግዳው ብሎኬት ነው ወይስ ሌላ? ይህን ሳትነግረን መፍትሔ ትጠይቃለህ። ብዙ ኮንዶሚኒየም ቤት ያለው ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ድሪሉ ባዶው ውስጥ ከገባ ፊሸሩ (ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ) የሚይዘው ያጣና አብሮ ይዞራል። ለጊዜው የቆመ ይመስላል፣ ዕቃ ሲበዛበት ግን ወደ ፊት ያጎነብሳል።

ብይ አለህ? ብይ መደርደሪያው ላይ አስቀምጥ። ወደ ፊት ከተንከባለለ ችግሩ ፊሸሩ ነው። ያን ጊዜ ምንም ብትለጥፍ አንድ ቀን መደርደሪያው ራሱ ይወርዳል። ደግሞም የፊት ጠርዙ ላይ ጣት የምታህል ቀጭን እንጨት ምታበት። ቢንሸራተት እንኳ እሷ ትይዘዋለች።

እትዬ ሐረገወይን
አንተ ልጅ፣ ቤታችሁ ቡፌ የለም? የእኔ ብርጭቆና ሲኒ በ2017 መሬት ሲንቀጠቀጥ አንዲት እንኳ አልተሰበረችብኝም። ያን ሌሊት ሁላችንም በነጠላ ወደ ውጭ ስንሮጥ ቡፌው ንቅንቅ አላለም። መስታወት ዘግተህ አስቀምጣቸው፣ አቧራም አይነካቸው።

ሰብሳቢው
እትዬ፣ ቡፌው ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን አንድ ነገር አለው። የእነዚህ ነገሮች ፕላስቲክ በአብዛኛው ፒቪሲ የሚባል ነው። እንዲለሰልስ የሚጨመርበት ፈሳሽ በጊዜ ብዛት ወደ ላይ ይወጣል፣ በተለይ ሙቀት ካለ። ጥርቅም ተደርጎ ከተዘጋ ገላቸው እንደ ማር እጅ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ በየሳምንቱ ከፍቶ ማናፈስ ነው። ከተጣበቀም ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥቦ በጥላ ማድረቅ።

እትዬ ሐረገወይን
ታዲያ ቡፌ ማን ይዘጋል? በቀን አሥር ጊዜ ነው የምከፍተው።

ዘሩ
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ትልቅ ሰው ሆኖ አሻንጉሊት ወደቀ ብሎ ማታ ሰው መጥራት ምን ይሉታል? ለጎረቤት ልጆች ስጣቸው፣ ጽድቅም ነው።

ሚኪ ቨርጂኒያ
ዘሩ፣ ያው የድሮ ወሬ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ሃዝብሮ የሚባለው የአሜሪካ አሻንጉሊት አምራች “ጂ.አይ. ጆ” የተባለውን ወታደር ሲያወጣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር፣ ልብስም የሚለበስለት። ወንድ ልጅ አሻንጉሊት አይገዛም ብለው ሰጉና አክሽን ፊገር ብለው ጠሩት። ስያሜው ከዚያ የመጣ ነው። እኛ እንግዲህ በዚያ ስም ተሸውደን እስከ ዛሬ እንገዛለን።

ናቲ፣ እዚህ አሜሪካ መሬት በሚንቀጠቀጥበት አካባቢ ሰዎች ሸክላቸውን በሙዚየም ሰም ነው የሚያቆሙት። ነጣ ያለ፣ በጣት የሚታሽ ለስላሳ ሰም ነው፣ ትንሽ በትንሽ ዕቃ ይሸጣል። የሚመጣ ዘመድ ካለህ አስመጣ፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። የቤት ሰም ወይም ጧፍ ግን አትሞክር። እሱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ዳዊት
ብሉ ታክ ተጠቀም፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይገኛል።

ቤቢ ሳሪስ
ዳዊት፣ ወደ ላይ ከፍ ብለህ አንብብ ወንድሜ።

ዮርዲ
እኔ በጥያቄው ራሱ አልስማማም። መደርደሪያ ቢያንሸራትት የተቀመጠው ሁሉ ይንሸራተታል። ናቲ፣ ሁለቱንም ጊዜ መጀመሪያ የወደቀው የትኛው ነው? ምን ዳር ነው የቆመው? የእኔ መጀመሪያ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከወር በኋላ ጎንበስ ጎንበስ ማለት ጀመረ። እኔም መደርደሪያውን ስረግም ቆየሁ። ለካ ቁርጭምጭሚቱ በፀሐይ ለስልሶ ነው።

ናቲ አራተኛ ፎቅ (ጠያቂ)፣ ማታ 4፡25
ይቅርታ፣ ሱቅ ሄጄ ነበር፣ መልሳችሁን ሳላይ ክንዱን በሱፐር ግሉ ለጠፍኩት። አሁን ትከሻው ዙሪያ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ክንዱም አይዞርም። እህቴ የጥፍር አሴቶን ይዛ መጥታለች፣ ያነሳዋል ትላለች። ልሞክረው?

ዮርዲ፣ እንዴት አወቅሽ? ሁለቴም መጀመሪያ የወደቀው መስኮቱ ጋ ያለው ነው። መጋረጃ የለኝም፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ቀጥታ ይመታዋል።

ሰብሳቢው
አሴቶኑን ለእህትህ መልስ! አሴቶን ኤቢኤስ የሚባለውን ጠንካራ ፕላስቲክ ያቀልጠዋል። ነጩን ስታነሳ ትከሻውንም አብረህ ነው የምታነሳው። ክንዱን ደግሞ በግድ አታዙረው። በላስቲክ ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት አቆየው። ሱፐር ግሉ ሲቀዘቅዝ ይደርቅና በቀላሉ ይሰነጠቃል። ፕላስቲኩም በብርድ ስለሚሰባበር ቀስ ብለህ ሞክር፣ እምቢ ካለ ተወው። ውስጡ ያለችው መጋጠሚያ ተሰብራ ከሆነ ሙጫ ብቻውን አይይዛትም። በሁለቱም በኩል 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በስተህ የወረቀት ክሊፕ ቁራጭ እንደ ብረት አጥንት አስገባበት።

ዮርዲ
የመስኮቱን ልጅ ዛሬውኑ አስተካክለው። ውሃ አፍላ፣ ከእሳት አውርደህ ትንሽ አቆየው። ቁርጭምጭሚቱን ብቻ ግማሽ ደቂቃ ያህል ንከረው። ሲለሰልስ እግሩን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አቁመህ ቀጥ አድርገው፣ በዚያው እንደያዝከው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተተው። ቅርጹን የሚያስይዘው ቀዝቃዛው ነው፣ ብዙ ሰው እሱን ይረሳና አልሠራም ይላል። ባትሪ ወይም መብራት ያለበት ከሆነ ግን ውሃ አይንካው።

ከዚያ አቋቋሙን ቀይር። አንድ እግር ትንሽ ወደ ኋላ፣ ወገቡ መሃል ላይ ይሁን። እግራቸውን አንፈራጠው ካባ የለበሱት ናቸው ሁልጊዜ የሚወድቁት፣ ካባው ወደ ኋላ ይጎትታቸዋል። ደግሞ ከመስኮቱ አርቃቸው። የአዲስ አበባ ፀሐይ ነጩን ፕላስቲክ ቢጫ ያደርገዋል፣ እሱ ደግሞ ታጥቦም አይመለስም።

ሚኪ ቨርጂኒያ
የእግራቸውን ታች ገልብጠህ እይ። አብዛኞቹ ባለ 6 ኢንቾች ክብ ቀዳዳ አላቸው፣ ለማቆሚያው ጥርስ የተተወ ነው። ማቆሚያ ከሌለህ ስቴኪኒ ቆርጠህ ጫፏን ትንሽ ስኮች ጠቅልልባት፣ እስክትሞላው። ሌላውን ጫፍ ጣውላ ላይ በበሳኸው ቀዳዳ ትተክለዋለህ። ምንም ሙጫ አያስፈልግም።

ጋሽ ቺፑድ
ብዩስ?

ናቲ አራተኛ ፎቅ (ጠያቂ)፣ ማታ 4፡50
ጋሼ፣ ብይ ከታች ቤት ልጅ ተዋስኩ። ምን ልታደርግበት ነው ብሎ አብሮኝ ወጥቷል። አስቀመጥነው፣ ካስቀመጥነው ቦታ አልተነቃነቀም። መደርደሪያው ደህና ነው ማለት ነው። ክንዱ ፍሪዘር ገብቷል፣ ውሃ ጥጃለሁ። እነግራችኋለሁ።

ዳዊት
ብሉ ታኩንም አትርሳ።

ፍቅርተ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ናቲ፣ ምን ደረስክ? የእኔም አንዱ መዘንበል ጀምሯል፣ የአንተን ውጤት ሳላይ ውሃ ውስጥ ልከተው ፈራሁ።

ቤቢ ሳሪስ
ከዚያ ማታ ወዲህ ድምፁ የለም። ቀቅሎ በልቷቸው ይሆናል።

ዮርዲ
ፍቅርተዬ፣ አትፍሪ፣ ቁርጭምጭሚቱን ብቻ ንከሪው። ከመንከርሽ በፊት ግን ቀዝቃዛውን ውሃ አጠገብሽ አስቀምጪ።