ቤት ሥራ በቴሌግራም ይሰጥ? ከባሕር ዳር የተነሳ ክርክር

የኬሚስትሪ መምህር፣ ሽምብጥ
አንድ ነገር ላንሳና እንከራከርበት። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ቤት ሥራው፣ የፈተናው ቀን፣ የፕሮግራም ለውጡ ሁሉ የሚነገረው በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ሆኗል። ተማሪም የከበደውን ጥያቄ ፎቶ አንስቶ ማታ ይልካል። ጥቅሙን አልክድም። የምቃወመው ግሩፕ ላይ ብቻ የተለጠፈ ነገር ለሁሉም እንደተነገረ መቆጠሩን ነው። ስልክ የሌለው ልጅ «አልሠራህም» ተብሎ ማርክ ሲቀነስበት አይቻለሁ። ልጁ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ነበር! የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ሰሌዳ ላይ ያልተጻፈ ቤት ሥራ አይታረምም፣ ማርክም አይያዝበትም። ምን ትላላችሁ?

የሦስት ልጆች እናት፣ ዓባይ ማዶ
እግዜር ይስጥልን መምህር። እኛ ቤት ታች ስልክ ያለው አንድ ነው፤ እሱም ባጃጅ ከሚነዳው ከአባታቸው ጋር ነው የሚውለው። ማታ እስኪገባ ሦስቱም ይጠብቃሉ። አንዳንዴ ቻርጅ ጨርሶ ይመጣል፣ አንዳንዴ ፓኬጁ አልቋል። ያን ጊዜ ትልቋ «ከጎረቤት አይቼ ልምጣ» ትለኛለች። በጨለማ ሴት ልጅ ለቤት ሥራ ብዬ ከቤት ላስወጣ?

የ11ኛ ክፍል ተማሪ
እኔ ግን ግሩፑ ሲነቀፍ ያመኛል። ክፍላችን በጣም ብዙ ነን። እጄን አውጥቼ ጠይቄ አላውቅም፤ ከገጠር ስለመጣሁ አነጋገሬ ላይ ይስቃሉ ብዬ እፈራለሁ። የሞል ስሌት ሲጠፋብኝ ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። ቲቸር በቮይስ አስረዱኝ። እስኪገባኝ ደጋግሜ ሰማሁት። ክፍል ውስጥ ግን አንዴ ካመለጠ አመለጠ ነው። ከዚያ ሌሎችም «እኛም አልገባንም ነበር» ብለው ጻፉ። ግሩፑ ባይኖር ማንም አይናገርም ነበር።

ጡረታ የወጣ መምህር፣ ግሽ ዓባይ
ልጄ፣ የሚስቁብሽን ዝም ማሰኘት የመምህሩ ሥራ ነው። መምህር ካላስቆማቸው ስልክ አያስቆማቸውም። እኔ ሳስተምር ልጅ እንዳልገባው የማውቀው ከዓይኑ ነበር፤ ሳይጠይቀኝ እመለስበታለሁ። ግሩፕ ላይ ዓይን የለም። ደግሞ አንዱ ጎበዝ ሠርቶ ይለጥፋል፣ የቀረው ይገለብጣል። አሁን ጭራሽ ጥያቄውን ፎቶ አንስተው ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሰጥተው መልሱን ይቀበላሉ አሉ። መምህሩ ያረመው የማንን ሥራ ነው?

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ የማስተምር
የጋሼን ስጋት እጋራለሁ፤ ግን ቢሮዬን ረግጦ የማያውቅ ተማሪ በቴሌግራም ጥሩ ጥያቄ ሲጠይቀኝ አያለሁ። ይህን መጣል አይገባም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ሲዘጋ ሃንድአውቱን በቴሌግራም ላክን። ኔትወርክ ያለው ተከታተለ፣ ገጠር የገባው ቀረ። በ2015 ክረምት ደግሞ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ ለወራት አልተመለሰም። ዋይፋይ ያለበት ሰፈር ፍለጋ የሚንከራተተውን ተማሪ ታስታውሳላችሁ። ማስታወሻው ደብተሩ ላይ ያለ ልጅ ግን ማጥናቱን አላቋረጠም። ስለዚህ የመምህሩን ሐሳብ እደግፋለሁ። ሰሌዳና ደብተር ይቅደም፣ ቴሌግራም ይከተል። እዚህ ከተማ የኖረ ሰው ኢንተርኔት ሁልጊዜ ይኖራል ብሎ ማስተማር አይችልም።

የሴት ልጅ አባት፣ በላይ ዘለቀ
ሁላችሁም ስለ ግሩፑ ታወራላችሁ፤ ስለ ኢንቦክሱ ማንም አላነሳም። ግሩፕ ውስጥ የገባ ሁሉ ልጄን በግል ሊጽፍላት ይችላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ወንድ መምህር ለሴት ተማሪ በግል የሚጽፈው የትምህርት ጉዳይ ምንድን ነው? መምህራንን ሁሉ እየወነጀልኩ አይደለም። ግን ድሮ መምህር ተማሪ ቤት ሲመጣ እኛ ወላጆች እናያለን፣ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። አሁን ማን እንደመጣ አላውቅም። በግል መጻጻፍ ሙሉ በሙሉ ይከልከል።

የኬሚስትሪ መምህር፣ ሽምብጥ
እስማማለሁ። በግል የመጣልኝን የትምህርት ጥያቄ የተማሪውን ስም ሳልጠራ ግሩፕ ላይ ነው የምመልሰው። ለልጅዎም ይንገሯት፤ የቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ስልክ ቁጥርን መደበቅ ይቻላል። ሌላም ነገር አለ። መምህርም ቤተሰብ አለው፣ ዳታውንም የሚገዛው ከደመወዙ ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ጠይቆ «ኦንላይን ሆነው ለምን አይመልሱም?» የሚል ተማሪ አለ። ሰዓት ይወሰን።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ
ሰሌዳ ላይ ይጻፍ በሚለው እስማማለሁ። ክፍል አለቃው ፎቶ አንስቶ ግሩፕ ላይ ይለጥፈው፣ የቀረ ልጅም ያየዋል። በግል መጻጻፍ ይከልከል በሚለው ግን አልስማማም። አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቤተሰቧ ሊድራት የሚያስብ ልጅ ብትኖር ግሩፕ ላይ ትጽፋለች? ለወላጅስ ትናገራለች? ጓደኛዬ ትምህርት ልታቋርጥ ስትል የታደገቻት በግል የጻፈችላት ሴት መምህር ናት።

የሴት ልጅ አባት፣ በላይ ዘለቀ
ያልሽው እውነት ነው፤ አላሰብኩበትም ነበር። እንግዲያው ለሴት መምህር ይሁን። ወንድ መምህር በግል የሚጽፍ ከሆነ ግን ሆም ሩሟ ወይም ወላጅ ባለበት ይሁን።

የባዮሎጂ መምህርት
የ9ኛ ክፍል ሆም ሩም ነኝ። እንዲህ ያሉ መልእክቶች ይደርሱኛል፤ ብዙ ጊዜ በማታ ነው የሚመጡት፣ ቤተሰብ ሲተኛ። የሰዓት ገደቡ ለቤት ሥራ ይሁን፤ ለእነዚህ አይሠራም። ደግሞ ይህን ሥራ ለሴት መምህራን ብቻ ከተዋችሁት አንችልም፣ ጥቂት ነን። የተነጋገርነውን ለወላጅ መምህር ኅብረት የምታቀርቡት ከሆነ ይህንም ጨምሩበት። እኔም እመጣለሁ።